መነካካት መዋሃድ አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ካልሲየም 48 ከዩራኒየም 238 ጋር ተጋጭቶ ኮፐርኒሲየም (ንጥረ ነገር 112) የሚፈጠርበትን ክሮስ ሴክሽን (በባርን የሚለካ፣ ግጭቱ ያንን ውጤት የመስጠት ዕድሉ መለኪያ) ለማስላት ሞከርኩ። የተጠቀምኩት ለቀላል ኒውክሊየሶች በደንብ የሚሠራ የውህደት ኮድ ነው። መልሱ 10 ሚሊባርን አካባቢ ሆነ። ሙከራው የሚያሳየው ግን 1 ፒኮባርን አካባቢ ነው። በ10 ቢሊዮን እጥፍ እንዴት ልሳሳት እችላለሁ? ደግሞ ለንጥረ ነገር 119 እና 120 የወጡት ትንበያዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የቱን ልመን?»

እህቴ፣ ኮድሽ አልተሳሳተም። ያወጣው ቁጥር ትክክል ነው፤ የሌላ ጥያቄ መልስ መሆኑ ነው ችግሩ። ኮዱ የነገረሽ ሁለቱ ኒውክሊየሶች ምን ያህል ጊዜ ተነካክተው እንደሚያያዙ ነው። በቀላል ኒውክሊየሶች ዘንድ ተያያዙ ማለት ተዋሃዱ ማለት ነው። ከባዶቹ ዘንድ ግን መያያዝና መዋሃድ ለየቅል ናቸው። ተዋህዶ መትረፍ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሁላችንም የምንጽፈው አንድ ዓይነት ቀመር ነው። የመያዝ ክሮስ ሴክሽን፣ ሲባዛ ውህድ ኒውክሊየስ በመፈጠር ዕድል፣ ሲባዛ በመትረፍ ዕድል። ለእያንዳንዱ አንጉላር ሞመንተም (የመሽከርከር መጠን) ይሠራና ይደመራል። በግምት ያህል 10 ሚሊባርን ያዝሽ እንበል። ከሺህ ንክኪ አንዱ ብቻ ይዋሃዳል። ከተዋሃዱት 10 ሚሊዮን አንዱ ብቻ ሳይሰነጠቅ ይተርፋል። አባዥው፤ 1 ፒኮባርን ይመጣል። የጠፋብሽ 10 ቢሊዮን እጥፍ እነዚህ ሁለት ዕድሎች ናቸው።

1 ፒኮባርን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ልንገርሽ። በሰከንድ ከ6 ትሪሊዮን በላይ ተወንጫፊ ኒውክሊየሶች የሚወረውር ጨረር አለሽ እንበል። ኢላማሽ ስስ ንብርብር ነው፤ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን አቶሞች አሉበት። 1 ፒኮባርን ማለት ይህ ሁሉ ውርወራ በሁለት ቀን አንድ አቶም ይሰጥሻል ማለት ነው። ማጣሪያ መሣሪያሽ ግማሹን ብቻ የሚይዝ ከሆነ በአራት ቀን አንድ። በጃፓኑ የምርምር ተቋም ሪከን የኮሱኬ ሞሪታ ቡድን ኒሆኒየምን (113) ሲፈልግ ዚንክ 70ን በቢስሙት 209 ላይ ወርውሯል። ያገኘው ሦስት አቶም ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ2005 እና በ2012። ክሮስ ሴክሽኑ 0.02 ፒኮባርን ገደማ ነበር። ሞዴል የምንሠራውም ለዚህ ነው። የጨረሩን ኢነርጂ በጥቂት ኤምኢቪ (ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት) ያሳተ ትንበያ የብዙ ሰዎችን የወራት ድካም መና ያስቀራል።

አሁን ወደ ሦስቱ ምዕራፎች።

መያዝ ቀላሉ ነው፤ አንቺም ሠርተሽዋል። ካልሲየም 20 ፕሮቶን፣ ዩራኒየም 92 ፕሮቶን አላቸው። ብዜታቸው 1840 ነው። 1.44ን (የኤሌክትሪክ መገፋፋቱ ቋሚ ቁጥር በኤምኢቪና በፌምቶሜትር ሲጻፍ) በ1840 አባዢና በመካከላቸው ላለው ርቀት አካፍዪ። ርቀቱን 13.5 ፌምቶሜትር ብንለው የኩሎምብ ግድቡ፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ መገፋፋት የሚያቆመው የኢነርጂ ግድብ፣ 196 ኤምኢቪ ይሆናል። በእጅ ለተሠራ ስሌት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ዩራኒየም ድቡልቡል አይደለም፣ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ካልሲየሙ በጫፉ በኩል ከመጣ ግድቡ ዝቅ ይላል። በወገቡ በኩል ከመጣ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያለሽ አንድ ግድብ ሳይሆን የግድቦች ስርጭት ነው።

ይሄ ዝርዝር ቀጥሎ ላለው ምዕራፍ ወሳኝ ነው። በጫፍ የተነካኩ ኒውክሊየሶች የሚሠሩት ረጅም ቅርጽ ነው፤ ረጅም ቅርጽ ደግሞ በቀላሉ ይበጠሳል። በወገብ የተነካኩት ተጠጋግተውና ታምቀው ስለሚጀምሩ የመዋሃድ ዕድላቸው የተሻለ ነው። ሪከን ውስጥ ካልሲየም 48ን ከኩሪየም 248 ጋር በማጋጨት የግድቦቹ ስርጭት ተለክቷል። ከባድ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኝበት ኢነርጂ ከወገብ ንክኪው ግድብ ጋር ይገጥማል። የስርጭቱን አማካይ ብቻ ብትወስጂ ጨረርሽን ዝቅ ባለ ኢነርጂ ትወረውሪያለሽ።

ሁለተኛው ምዕራፍ መዋሃድ ነው። የዚህ ሙያ ክርክር ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሁለቱ ኒውክሊየሶች ከተነካኩ በኋላ አንድ ድቡልቡል አካል ለመሆን ገና መንገድ ይቀራቸዋል። የፕሮቶኖቹ መገፋፋት ደግሞ ሥራውን አላቆመም። ብዙውን ጊዜ ጥንዱ ጥቂት ፕሮቶንና ኒውትሮን ይለዋወጥና ሳይዋሃድ ይለያያል። ይህንን ኳሲፊሽን እንለዋለን። የሚፈጀው ጊዜ ከ10⁻²¹ እስከ 10⁻²⁰ ሰከንድ አካባቢ ነው። ጥንዱ በዚያች ጊዜ ግማሽ ዙር እንኳ ላይዞር ይችላል። ካንቤራ ያሉ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዙር እንደ ሰዓት ይጠቀሙበታል። ስባሪዎቹ በየትኛው አንግል፣ በምን ያህል ክብደት እንደወጡ ይለካሉ። ከዚያ ጥንዱ ምን ያህል እንደቆየ ያነባሉ። በጣም የምወደው ልኬት ነው፤ ዐይን የማያየውን ጊዜ በአንግል ማንበብ!

የመዋሃድን ዕድል ለማስላት ሰዎች የተለያየ መንገድ ይሄዳሉ። ሁለቱን ላሳይሽ።

አንደኛው የስቪያቴትስኪ፣ የሲቬክ-ቪልቺንስካ እና የቪልቺንስኪ የዲፊውዥን ሞዴል ነው። ሐሳቡ ሲያዩት ግልጽ ነው። ከንክኪው በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው አንገት በፍጥነት ይወፍራል። ጥንዱ ከዳገት ሥር ይወድቃል። ከላይ ያለውን ኮርቻ (የዳገቱን ማለፊያ) ተሻግሮ ወደ ውህዱ ለመግባት የሚረዳው የራሱ ሙቀት የሚፈጥረው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። የዳገቱን ቁመት በሙቀቱ ታካፍያለሽ፣ ስኩዌር ሩቱን ታወጫለሽ፣ ከዚያ የኤረር ፈንክሽኑን ቀሪ (erfc) በግማሽ ታባዣለሽ። ሙቀቱ (ቴምፕሬቸሩ) 1 ኤምኢቪ፣ ዳገቱ 5 ኤምኢቪ ይሁን። ዕድሉ 0.0008 አካባቢ ይመጣል። ዳገቱን 8 አድርጊው፤ 0.00003 ይሆናል። የ3 ኤምኢቪ ልዩነት ዕድሉን ወደ 25 እጥፍ ዝቅ አደረገው። የዳገቱን ቁመት የሚወስነው ደግሞ ጥንዱ ከየትኛው ርቀት ላይ መውጣት እንደሚጀምር ነው። ይህ መነሻ ነጥብ የሚመረጠው ውጤቱን ከሙከራ ጋር በማስማማት ነው።

ሌላው የጥንድ ኒውክሊየስ ሞዴል ይባላል፤ ከቮልኮቭ ጀምሮ አዳሚያንና አንቶኔንኮ ያዳበሩት ነው። እዚህ አንገቱ አይወፍርም። ሁለቱ ኒውክሊየሶች ማንነታቸውን እንደጠበቁ ጎን ለጎን ይቆያሉ። ትንሹ ፕሮቶኖቹንና ኒውትሮኖቹን አንድ በአንድ ለትልቁ ያስረክባል። አስረክቦ ከጨረሰ ውህደት ሆነ። በመሃሉ ከተለያዩ ኳሲፊሽን ሆነ። ልዩነቱን አየሽው? አንዱ ሞዴል የሚለው ሁለት ጠብታዎች ቀልጠው ይገናኛሉ ነው። ሌላው ደግሞ አንዱ ጓዙን ለሌላው ቀስ እያለ ያስረክባል ይላል። ሁለቱም የካልሲየም 48 ሙከራዎችን ውጤት ያወጣሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ግን አይችሉም።

ከእነዚህ ሌላ ዛግሬባየቭና ግራይነር የተከተሉት የላንጀቫን መንገድ አለ። ርቀትን፣ የቅርጽ ለውጥን፣ ሰበቃን ሁሉ ባንድ ላይ እያሰላ የአንድን ግጭት ጉዞ ይከተላል። ሐቀኛ መንገድ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ከሺህ አንድ ለሚሆን ነገር ስንት ሺህ ጉዞ ማስላት እንዳለብሽ አስቢው። ከኳንተም ሜካኒክስ የሚነሳው በጊዜ ላይ የተመሠረተ ሃርትሪ-ፎክ የሚባለው ስሌት ደግሞ ለመያዝና ለኳሲፊሽን ጥሩ ነው። ነገር ግን የሙቀት መንቀጥቀጡን በሙሉ ስለማይዝ የመዋሃድን ዕድል በቀጥታ አይሰጥሽም።

ሦስተኛው ምዕራፍ መትረፍ ነው። ግጭቱ 192 ኤምኢቪ ይዞ ቢመጣ ወደ 160 የሚጠጋው ለክብደት ልዩነቱ ይከፈላል። ወደ 30 ገደማ የሚሆነው በውህዱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ውህዱ ይህንን ሙቀት ኒውትሮን እያተነነ ማውጣት አለበት። በእያንዳንዱ እርምጃ ምርጫው ሁለት ነው፤ ኒውትሮን መልቀቅ ወይም መሰንጠቅ። እንዲህ ያሉ ከባድ ኒውክሊየሶችን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ብቻ ካየናቸው ከመሰንጠቅ የሚከለክላቸው ግድብ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ግድብ ከሼል መዋቅር፣ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በእርከን ከመደርደራቸው፣ የመጣ ነው። ስትሩቲንስኪ በ1967 ስሌቱን ያሳየን የሼል እርማት ማለት ይህ ነው። የመረጋጋት ደሴት የሚባለው ነገር (ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራቸዋል የሚባሉት ከባድ ኒውክሊየሶች)፣ ከ184 ኒውትሮን ጋር የሚያያዘው፣ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ሙቀት የሼልን መዋቅር ያፈርሳል። ኢግናትዩክ በ1975 ባቀረበው መንገድ መፍረሱን በአንድ ቁጥር ታሰያለሽ፤ ብዙ ሰው 18.5 ኤምኢቪ ይጠቀማል። ሲቀዘቅዝ 8 ኤምኢቪ የሆነ ግድብ በ35 ኤምኢቪ ሙቀት ላይ 1.2 ብቻ ይቀረዋል። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ውህደትና ትኩስ ውህደት የተለያዩት። (በጠረጴዛ ላይ ይሠራል ከተባለው የ1989ኙ «ቀዝቃዛ ውህደት» ጋር በፍጹም አይገናኝም፤ ስሙ ብቻ ነው የገጠመው።) በጀርመን ዳርምሽታት ባለው የጂኤስአይ ቤተ ሙከራ ከ1981 እስከ 1996 ንጥረ ነገር 107 እስከ 112 የተገኙት ሊድ ወይም ቢስሙት ኢላማ ላይ በመወርወር ነው። ሙቀቱ ከ10 እስከ 20 ኤምኢቪ ነው፤ አንድ ኒውትሮን ይበቃል። መትረፍ ቀላል፣ መዋሃድ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ፕሮቶን ብዜት ከፍ ይላል። በሩሲያ ያለው የዱብና ቤተ ሙከራ በተቃራኒው ካልሲየም 48ን በአክቲናይዶች (እንደ ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ባሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች) ላይ ወረወረ። ሙቀቱ ከ30 እስከ 40 ይደርሳል፣ ሦስት ወይም አራት ኒውትሮን መውጣት አለበት። እዚህ መትረፉ ከባድ ነው፣ መዋሃዱ ግን ይቀላል። በዚህ መንገድ እስከ ኦጋኔሰን (118) ተደረሰ።

የመትረፍ ስሌት ምን ያህል ስስ እንደሆነ በቁጥር እይው። የፊሽን (የመሰንጠቅ) ግድቡን በ1 ኤምኢቪ ብቻ ተሳሳትሽ እንበል። በመጀመሪያው እርምጃ ቴምፕሬቸሩ (ከ30 ኤምኢቪው ጠቅላላ ሙቀት የተለየ ነው) 1.09 ኤምኢቪ አካባቢ ነው፤ ስህተቱ 2.5 እጥፍ ይሆናል። በሁለተኛው 2.9። በሦስተኛው 3.7። ለሦስት ኒውትሮን አባዥው፤ ከ25 እጥፍ በላይ ነው። የተለያዩ የግድብ ሠንጠረዦች ደግሞ በ1 ኤምኢቪ መለያየታቸው የተለመደ ነው።

እና አሁን ዋናው ነገር። ቀመሩ ብዜት ነው። የመዋሃድ ዕድል 1 በሺህ፣ የመትረፍ ዕድል 1 በ10 ሚሊዮን ብትዪ 1 ፒኮባርን አገኘሽ። የመዋሃዱን 1 በ100 ሺህ፣ የመትረፉን 1 በ100 ሺህ ብትዪም 1 ፒኮባርን ነው። ሙከራው የሚያየው ብዜቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሞዴሎች ከሙከራው ጋር ቁጥር ለቁጥር ገጥመው በውስጣቸው በመቶ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። አዲስ ተወንጫፊ ሲመጣ ግን የውስጡ ልዩነት ይወጣል። ለ119 እና ለ120 ትንበያዎቹ የማይስማሙበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው ሞዴሌ የካልሲየም 48 ነጥቦችን በሙሉ በጥሩ ሁኔታ አለፈባቸው። ግራፉን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። ለወራት አመንኩት። ከዚያ ኳሲፊሽን የለበትም ማለት ይቻላል ወደሚባል ቀላል ግጭት ወሰድኩት። ከሙከራው ጋር እንዲገጥም የመዋሃድ ዕድሉ 40 መሆን ነበረበት። ዕድል 40፣ ከ1 መብለጥ የማይችለው ነገር! ያን ቀን ማታ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። የሼል እርማቱን በሙቀት የማፍረሱን ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። አንዴ በኢነርጂ እርከኖች ጥግግት ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ በግድቡ ላይ። መትረፍን እጅግ ዝቅ አድርጌው ነበር፣ የመዋሃዱን ፓራሜትር ከፍ አድርጌ ደፈንኩት። ግራፉ ውብ ነበር፤ ፊዚክሱ ግን ልክ አልነበረም።

ስለዚህ አንቺም መጀመሪያ ይህንን ፈትሺ፦ በጥግግቱ ውስጥ የኢግናትዩክን ቀመር ካስገባሽ ግድቡን ደግመሽ አታፍርሺው። ክብደቱን፣ የሼል እርማቱን እና የፊሽን ግድቡን ደግሞ ከአንድ ሠንጠረዥ ውሰጂ። ክብደቱን ከአንዱ፣ ግድቡን ከሌላው መቀላቀል ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ነው።

ከዚያ አንዱን ዕድል ከሌላው መለየት የሚያስችል ፈተና ያስፈልግሻል። ደግነቱ ተፈጥሮ አንድ ሰጥታናለች። ሃሲየም 274ን በሦስት መንገድ መሥራት ይቻላል፤ ማግኒዢየም 26 ከኩሪየም 248፣ ሰልፈር 36 ከዩራኒየም 238፣ ካልሲየም 48 ከራዲየም 226። ደምሪያቸው፤ ሦስቱም 108 ፕሮቶንና 274 ክብደት ይሰጣሉ። ሦስቱም ተሠርተው ተለክተዋል። ውህዱ አንድ ስለሆነ በተመሳሳይ ሙቀትና ተቀራራቢ አንጉላር ሞመንተም የመትረፉ ዕድል አንድ መሆን አለበት። የሚለያየው መያዙና መዋሃዱ ነው። መያዙን ከግድብ ስርጭቱ ታውቂዋለሽ። የቀረው የመዋሃድ ንጽጽር ነው። ለሦስቱ ሦስት የተለያየ ፓራሜትር የሚፈልግ ሞዴል ካለሽ ወደ 119 አትሂጂበት።

የትኛውን ትንበያ ልመን ላልሽው መልሴ ቀጥተኛ ነው። ሦስቱን ዕድሎች ለየብቻ አሳይቶ፣ እያንዳንዱን ከሌላ መረጃ ጋር ያስተያየውን እመኚ። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚሰጥሽን፣ ቁጥሩ የቱን ያህል ቢያምርም፣ ለጊዜው አስቀምጪው። ለምን አሁን እንደምንቸገር ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካልሲየም 48 ፕሮቶኑም ኒውትሮኑም በተዘጋ ሼል የተሞላ፣ በኒውትሮን የበለጸገ ነው። በእሱ 119 ለመሥራት ግን የአይንስታይኒየም ኢላማ ያስፈልጋል። የሚገኘው ደግሞ በማይክሮግራም ደረጃ ነው። ስለዚህ ወደ ቲታኒየም 50፣ ቫናዲየም 51 እና ክሮሚየም 54 መዞር ግድ ሆነ። ጂኤስአይ በ2011 እና በ2012 ክሮሚየምንና ቲታኒየምን ሞክሮ አንድም አቶም አላየም። ሪከን ቫናዲየምን በኩሪየም ላይ እየወረወረ 119ን ይፈልጋል።

የበርክሌይ ቤተ ሙከራ በ2024 ያሳወቀው ውጤት ለሞዴል ሠሪዎች ትልቅ ስጦታ ነው። ቲታኒየም 50ን በፕሉቶኒየም 244 ላይ ለ22 ቀን ወርውረው ሁለት የሊቨርሞሪየም (116) አቶሞች አገኙ። ክሮስ ሴክሽኑ 0.44 ፒኮባርን ነበር። ያንኑ ንጥረ ነገር በካልሲየም 48 ሲሠሩት ጥቂት ፒኮባርን ይገኝ ነበር። መውረዱ አስር እጥፍ ገደማ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ ፍርሃት መቶ ወይም ሺህ እጥፍ አልሆነም። ዱብናም ክሮሚየም 54ን ከዩራኒየም 238 ጋር አጋጭቶ ሊቨርሞሪየም አግኝቷል። እነዚህ ሁለት ነጥቦች ሳይነገሩት በትክክል ያወጣ ሞዴል ካለ ስለ 120 የሚለውን በጥሞና አዳምጠዋለሁ።

ዛሬ ማታ ኮድሽን ለሃሲየም 274 ሦስቱ ግጭቶች አስሮጪው። የመያዝ፣ የመዋሃድና የመትረፍ ግራፎችን ለየብቻ አውጪ፤ የተባዛውን ለጊዜው ተይው። የፊሽን ግድቡን በ1 ኤምኢቪ ከፍና ዝቅ አድርገሽ ደግመሽ አስሮጪና ግራፎቹ ምን ያህል እንደሚሰፉ እይ። ስፋቱን በጥላ ቀቢው። ከዚያ ግራፎቹን ላኪልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።